አልገጥም ያሉ ካሬዎች

ጥቅምት 17፣ ሰኞ ማታ

ዛሬም የኪሮሽ ካሬዬን ፈታሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ጫፉ ተነሥቶ ሙዳይ መሰለ። ካሬ ነው እንግዲህ! ክዳን ብቻ ነው የጎደለው። እማዬ አገላብጣ አየችውና ለበርበሬ ይሆናል አለችኝ። ሳቋ ነው ያናደደኝ።

ስሚኝ አንቺ ደብተር። ቃል ባልገባ ኖሮ ይሄን ኪሮሽ እሳት ውስጥ ነበር የምወረውረው። ግን በሰው ፊት ገባሁ። ቡሬ ወርጄ ጓደኛዬን የሺን አራስ ስጠይቃት፣ ለልጄ ክርስትና እናት ሁኚልኝ አለችኝ። ደስ ብሎኝ፣ የሕፃኗን መታቀፊያ ከኪሮሽ ካሬ ገጣጥሜ በገዛ እጄ ሠርቼ አመጣለሁ የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። የየሺ አማት እትዬ ጥሩወርቅ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ራሷ ሳታገባ የሰው ልጅ ልታለብስ ነው አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ክርስትናው ኅዳር 14 ነው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ክር የሸጠችልኝ ትርንጎ ገበያ መሀል አስቀምጣ አሳየችኝ። ሦስት ሦስት ቋጠሮ እያደረጉ መዞር። ጥግ ሲደርሱ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሁለቴ። ሁለቴ ካልገባ ጥግ አይወጣውም፣ ክብ ይሆናል። በቃ ይሄው ነው! እኔ ግን ስጀምር እጄን መታ አደረገችኝ። ክሩን ለምን ታንቂዋለሽ ትላለች።

እንዴ! ስፌት ካልጠበቀ ምኑን ስፌት ሆነ? ጅጋ ገጠር ከእማዬ ጎን ሙዳይ ስሰፋ ነው ያደግሁት። ላልቶ ከተገኘ ተቆንጥጬ አስፈታው ነበር። አሁን ደግሞ አላልተሽ ያዥው! እጄ ይሄን ከየት ያምጣው?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ፣ መድኃኔዓለም

እማዬ ኪሮሹን ደበቀችብኝ። በበዓል ሥራ የለም። ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው አልኋት። ጨዋታ ከሆነ ለምን ትቆጫለሽ አለችኝ። ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ወሩ በበዓል አለቀ። ይቅር ይበለኝ እንጂ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በልቤ ዙር ስቆጥር ነበር።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ 6 ሰዓት

ወጣ!! አራት ጥግ! የምሬን ነው፣ አራት ጥግ ያለው ካሬ! ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ አቁሜ ጨረስሁት። መሀሉ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ጫፉ ነጭ። ሰውየው መታወቂያቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ አዩት ወይ ብዬ አሳየሁት። እግዜር ያስፈጽምሽ አሉኝ፣ ጨዋ ሰው። ለየሺ ፎቶውን ልልክላት ነበር፣ ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጉድ ሆንሁ።

የሠራኋቸውን ሁሉ ፍኖተ ሰላም እንዳለ ይሰማ ብዬ እየዘፈንሁ አልጋ ላይ ደረደርኋቸው። አንዱ መዳፌን ያህላል፣ አንዱ ሳህን ያህላል። ያው ክር፣ ያው ዙር! በተናደድሁ ቀን የሠራሁት ኩምትር ብሏል። ደስ ባለኝ ቀን የሠራሁት ተንዘላዝሏል። ጎን ለጎን ልስፋቸው ብል እዚህ ይጨማደዳል፣ እዚያ ይከፈታል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለክር ይለቀሳል?

ታመምሁ ብዬ ልቅር ይሆን? ከቀረሁ ልጅቱን ከውኃው ማን ይቀበላታል? ከሱቅ ልግዛ? እትዬ ጥሩወርቅ ገና ከበር ያውቁብኛል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ቀን 8 ሰዓት

ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። ነገ ሚካኤል፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ከዚያ ክርስትናው። መርፌ የምይዘው ዛሬ ብቻ፣ እሱም እስኪመሽ። ካሬዎቹ እንደሆነ አይገጥሙም።

ሣጥኑን ከፈትሁ። እማዬ ለሰርጌ ብላ የፈተለችው ጋቢ አለ። ስንት ዓመቱ! በየዓመቱ ፀሐይ ይመታና ተመልሶ ይገባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዘረጋሁትና ካሬዎቹን ላዩ ላይ በተንኋቸው። ለካ ጋቢ ላይ ከተሰፉ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም! ትንሹም ትልቁም ባለበት ያምራል። ብቻ ለሕፃን ሙሉ ጋቢ ይከብዳታል። መቆረጥ አለበት።

እማዬን ጠራኋት። አየችው። ለሰርግሽስ አለችኝ። የመጣ ጊዜ ትፈትይልኛለሽ አልኋት። ያገኘኝ ሁሉ መቼ ነው እያለ የሚጠይቀኝን ነገር አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሰለቸኝ፣ እማዬ፣ ሰለቸኝ! ይሄንንም አልኋት። እንዲህ ብያት አላውቅም።

ተነሥታ ወጣች። ተቀየመችኝ አልሁ።

መቀስ ይዛ ተመለሰች። አሁን አንዱን ጫፍ ወጥራ ይዛልኛለች፣ ደብተሩን አስቀምጪና ነይ፣ ሳይመሽ እንጀምር ትለኛለች። ልቆርጠው ነው።