የቱርቢኗ ምስክር

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ሮሊንስ ደርሶ መልስ። ነፋስ፣ እንደ ወትሮው። ስንመለስ የጎተትነው አምስት ሺህ ቶን፣ አብዛኛው ብርቱካን።

ሚስቴ ሁልዳ ባቄላ በአሳማ ሥጋ ሠርታ ጠበቀችኝ። ስበላ የሆነ ነገር ታወራኛለች... ስለ እህቷ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ምናልባት ስለ ጣሪያው ነበር።

ከሰዓት ፀጉር ቤት። ኮልተር ከተማ ውስጥ ወሬው ሁሉ የኔ ባቡር ሆኗል፣ በእንፋሎት ፋንታ በቱርቢን ሞተር የምትሮጠው። ፀጉር ቆራጩ በመስታወት እያየኝ፣ «ኤሚል፣ ያቺ ጉድህ ዛሬም መስኮቴን ስታንቀጠቅጠው አረፈደች» አለኝ። «ሰላምታ ስታቀርብልህ ነው» አልኩት።

የሚገርመው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከሁሉም በላይ የጠላኋት እኔ ነበርኩ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ይህን የቡና መፍጫ ከመንዳት በግ መጠበቅ ይሻላል» ያለው ማን ሆነና? ከዚያ የምደባው ወረቀት ተለጠፈ። ምርጫው በአገልግሎት ዘመን ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም አንጋፋ። የቱርቢኗ ነጂ በሚለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጻፍኩ። ረዳቴ ኦሪን ቴት፣ «ምን ነካህ?» አለኝ። ለአዲስ ነገር ክፍት ነኝ አልኩት። በስልሳ ሁለት ዓመቴ!

መጋቢት 6፣ እሑድ

ሁልዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እስቲ እውነቱን ልጻፈው፣ እዚህ ማን ያየዋል።

አልሰማም። ግራው ጆሮዬ ከስድስት ዓመት በፊት ሄደ። ቀኙ ትንሽ አመነታና ተከተለው። አርባ ዓመት በእንፋሎት ባቡር ላይ... ፊሽካው፣ ማሞቂያው፣ ብረቱ። መጀመሪያ የጠፋኝ የሁልዳ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን። በመጨረሻ የገዛ ባቡሬ ትንፋሽ። የእንፋሎት ነጂ ፍጥነቱን የሚያውቀው፣ የቱ ቫልቭ እንደታመመ የሚለየው፣ ያን ቹፍ ቹፍ በጆሮው እየቆጠረ ነው። መቁጠር ሲያቅተኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አንድ ጠዋት የባቡር ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ቱርቢኗን አስነሷት። መጀመሪያ ትንሿ ናፍጣ ሞተር ታሽከረክራታለች። ያኔ ምንም የለም። ቀጥሎ ከእግሬ በታች የሆነ ማጉረምረም... ጉልበቴን አለፈ፣ ደረቴ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀጠነና አንድ ረጅም ድምፅ ሆነ። ቹፍ የለ፣ ቆም የለ። ትንፋሽ የማትወስድ ዘፋኝ። ሰማሁ! ዘወር ስል ሁሉም ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተዋል። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በዚህ መስመር ላይ ከሚሮጡት ሁሉ የምሰማት እሷን ብቻ ነው። ኦሪንም ከሷ ጋር እየታገለ ስለሚጮህ ደንቆሮው እኔ ልሁን እሱ ማን ያውቃል? ወደድኳት። አፈርኩ እንጂ ወደድኳት።

ለጡረታዬ አሥራ አንድ ወር ቀርቷል። የጆሮ ምርመራው በየዓመቱ ነው። ሽማግሌው ዶክተር ሃስኬል ከኋላዬ ቆሞ ቁጥር ያንሾካሹካል። ሁልጊዜ ስልሳ ስድስት ነው፣ ቀጥሎ ዘጠና ዘጠኝ። አራት ዓመት በቃል ጥናት አልፌያለሁ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በረዶ። ሮሊንስ ደርሶ መልስ። ሁልዳ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ «አዎ» አልኳት። ስህተት ነበር መሰለኝ፣ ድመት ይዛ መጣች።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ሮሊንስ መንገድ፣ አቀበቱ ላይ።

ከፊታችን የነበረው ባቡር ተበላሽቶ ቆሞ ኖሯል። የኋላ ጠባቂያቸው እንደ ደንቡ ወደ ኋላ ሄዶ ሐዲዱ ላይ ሁለት ርችት አስሯል። ጎማ ሲረግጠው ይፈነዳል፣ ቀንስ ማለት ነው። የባቡር ሰው በእንቅልፉ እንኳ የሚያውቀው ድምፅ። ረገጥናቸው። እኔ አልሰማሁም። ቱርቢኗ እየዘፈነችልኝ በሙሉ ኃይል አቀበቱን እወጣለሁ።

ኦሪን ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ፍሬን ያዝኩ። የፊተኛው ባቡር መጨረሻ ፉርጎ ላይ የቆመውን ሰው ጺም መቁጠር በምችልበት ርቀት ላይ ቆምን።

ኦሪን ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠግቶ፣ «ስንት ወር ቀረህ?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ አራት ሴት ልጆች አሉኝ» አለ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሚስተር ፕሬስኮት የሚባል ሰው መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ። የከተማው ሰው ስለ ቱርቢኗ ጩኸት አቤቱታ ጽፏል፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በአዳራሹ ስብሰባ አለ። ኩባንያው ምስክር ይፈልጋል። «ከርሷ ጋር ሁለት ዓመት ሠርተው ምንም ያልሆኑ ሰው» አለኝ። እኔን ማለቱ ነው።

ለኦሪን ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። ከማክሰኞ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

ስብሰባው። ሁልዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዘዴውን ያመጣችው እሷ ናት፤ አለመስማቴን ከማንም ቀድማ ታውቅ ኖሯል። የሰው ጥያቄ ባልሰማ መሐረቧን ወደ ላይና ወደ ታች ካደረገች «አዎ»፣ ወደ ጎን ካወዛወዘች «አይደለም»። የእኛው የባቡር ሰዎች የፋኖስ ምልክት፣ ሂድና ቁም።

ወይዘሮ ኬትልሰን ተነሳች፣ ባሏ የሞተባት፣ ዶሮ የምታረባው። ብዙ ተናገረች። መሐረቡ ወደ ጎን ሄደ። «በፍጹም» አልኩ። ሞቴል ያለው ሰውዬ ጠየቀ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። «እንዴታ» አልኩ። ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ ፓስተሩ ተነስቶ ጠየቀ። ሁልዳ መሐረቧን ይዛ ቀረች። ወደ ላይም ወደ ጎንም አልሄደም። ዓይኗ ብቻ ፈጠጠ።

«በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጥያቄው እሑድ በስንት ሰዓት እንደማልፍ ነበር አሉ።

ያኔ ነው ያየሁት። ከኋላ ረድፍ አንድ ፍሬን ሠራተኛ እጁን አንስቶ ወደ ላይና ወደ ታች። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ አምስት፣ አሥር ሰው። ሂድ፣ ሂድ፣ አይዞህ። ለካ እኔና ሁልዳ የተነጋገርነው አዳራሹ ሙሉ በሚያነበው ቋንቋ ነው። የባቡር ሰው አባቶች፣ ሚስቶች፣ ዶሮ አርቢዋ ሳትቀር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ባዳ።

ምልክቱን ያልተረዳ ፕሬስኮት ብቻ። ማስታወሻው ላይ «ሕዝቡ እጁን እያነሳ ድጋፉን ገለጸ» ብሎ ጻፈ፣ አሳየኝ።

ሚያዝያ 6፣ ረቡዕ

የምስጋና ደብዳቤ መጣ። በሰኔ ካሊፎርኒያ ሄጄ ትልቅ ከተማ ፊት እንድመሰክር ተጋብዣለሁ። ሆቴልና አዲስ ባርኔጣ በኩባንያው።

ኦሪን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጠበቀኝ። ከንፈሩን በደንብ እንዳየው ቀስ ብሎ ተናገረ። «አላሳጣህም። ግን ካንተ ጋር ሌላ አንድ ወር አልሄድም። ራስህ ተናገር።»

ቤት መጥቼ ለሁልዳ ነገርኳት። ርችቱንም ጭምር፣ እስከ ዛሬ ደብቄያት ነበር። አልተቆጣችም። ድመቷን ከወንበሩ አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ሐኪም ቤት ልናዘዝ ሄድኩ። ዶክተር ሃስኬል ከኋላዬ ቆመ። «አልሰማሁም» አልኩ። እንደገና። «አልሰማሁም።» ዞሬ አየሁት፣ ተጨንቋል። እጄ ላይ ጻፈልኝ፦ ስልሳ ስድስት እኮ ነው።

ፕሬስኮት ጣቢያው ውስጥ ወደያዘው ቢሮ ገባሁ። ደንቆሮ ነኝ አልኩት።

«አሁን ሰሙኝ አይደል?» አለ።

«ከንፈርዎን ነው የማየው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ሚስተር ሊንድክቪስት፣ የኛ ምስክር ደንቁሮ ከተገኘ ከተማው ምን ይላል? ቱርቢኗ አደነቆረችው ይላል። እባክዎ እስከ ሰኔ ይስሙ።»

እሷ አይደለችም አልኩት። አርባ ዓመት ያደነቆረኝ እንፋሎቱ ነው፣ ሰው ሁሉ ናፈቀን የሚለው። እሷማ የምሰማት የመጨረሻዋ ናት፣ ያለሷ ዝምታ ነው። ይህን እንኳ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን እየጻፈ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኝ፦ የመስማት ችሎታው እጅግ በጣም ጥሩ።

አራት ዓመት ሙሉ አጭበርብሬ ያገኘሁትን ወረቀት፣ እውነቱን ስናገር በነጻ ሰጡኝ።

ሚያዝያ 11፣ ሰኞ

ሙሉ ጡረታ እፈልጋለሁ። እሷንም እፈልጋለሁ። አሥራ አንድ ወር... አሥር ከምናምን።

አራት ሴት ልጆች።

ሚያዝያ 14፣ ሐሙስ

ጠዋት የመልቀቂያውን ወረቀት ሰጠሁ። ምክንያት በሚለው ላይ «ጆሮ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጸሐፊው ሰርዞ «በራሱ ፈቃድ» አለው፣ ታዝዟል። ጡረታው ይጎድላል። ሁልዳ ሂሳቡን ትላንት አይታ «ከድመቷ ጋር እንበላዋለን» አለችኝ።

ለመጨረሻው ጉዞ ኦሪንን በነጂው ወንበር አስቀመጥኩት፣ እኔ በረዳቱ። ነጂ ከፈቀደ ይቻላል። ሠላሳ ዓመት በዚያ በኩል ተቀምጬ አላውቅም። አቀበቱ ላይ ሙሉ ኃይል ሰጣት። የማየው ምልክት የለ፣ የምይዘው ፍሬን የለ። መስማት ብቻ። ከእግሬ ተነስታ እስከ ጥርሴ መጣች። አለቀስኩ። ኦሪን ወደ ሐዲዱ እያየ ነበር፣ እግዜር ይስጠው።

ኮልተር ስንደርስ ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀን። መሰላሉን ወረድኩ። ኦሪን ከላይ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ተናገረኝ፣ ከበድ ያለ ነገር መሰለኝ። ትላንት ቢሆን ራሴን ነቅንቄ እሄድ ነበር።

«ኦሪን፣ እኔ አልሰማም» አልኩት፣ ሰው ሁሉ ፊት። «ድገምልኝ።»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። አሁንም አልሰማሁም። ሦስተኛ ጊዜ። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ጮኸልኝ፣ ከንፈራቸው አንድ ላይ ሲከፈት አነበብኩት።

«ምሳ ዕቃህን ረስተሃል» ነው የሚሉት።

ተመልሼ ወጣሁና ወሰድኩ።