የሽማግሌው ጉንጭና የአለቃ ባረንት እርጥብ ጣት

ሃርለም፣ ግንቦት 9 ቀን 1658

እማዬ የኔ ቆንጆ፣

ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እንደ ፈረስ ነኝ። ይሄን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢው። መስኮቱ ስር መረብ የሚጠግኑት ሰውዬ ከሰሙም ይስሙ፤ ለሳቸው አልጻፍኩም። «እስከ ግንቦት አይቆይም፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል» ብለው የለ? ይኸው ግንቦት ገባ። አንገቴም ቀጥ እንዳለ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የማተሚያ ቤቱ አለቃችን ባረንት ጠራኝና፣ መዳብ ላይ በአሲድ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ የሽማግሌ መልክ ሰጠኝ። «ይሄን በብዕር ገልብጥ። ካቃተህ ጓዝህን ሸክፈህ ወደ አባትህ መረብ!» አለኝ። እኔ ሳቅኩ። ሽማግሌ መሳል ምን አለው?

እማዬ፣ አንቺን አልዋሽም፣ ጉድ ሆንኩ። እዚህ ጥላ አይቀባም፤ ያለው መስመር ብቻ ነው። እንዲጠቁር ስትፈልጊ በመስመር ላይ ሌላ መስመር ታሻግሪያለሽ፣ እንዲሳሳ ስትፈልጊ ታራርቂያለሽ። እኔ አንዱን ቁም አንዱን አግድም፣ ቀጥ ቀጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ክሬሊስ የሚባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ አለ፣ በሁለት ዓመት የሚቀድመኝ። መጥቶ አየና፣

«ኧረ ሰውየውን ምን አገኘው? እናንተ የኤንክሃውዘን ዓሣ አጥማጆች ሰውም እንደ ሄሪንግ ዓሣ በመረብ ነው እንዴ የምትይዙት?» አለ።

ቤቱ በሳቅ አለቀ። «አንተ ሊጥ፣ ዝም በል!» አልኩት፤ ግን እውነቱን ነበር። ይጥቆርልኝ ብዬ ብዕሩን ስጫነው ደግሞ ወረቀቱ ተቀደደ። ስድስት ወረቀት አበላሸሁ።

ሰባተኛው ላይ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? የኛ መረብ። ደረቁን ስትዘረጊው ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ ይታያል። ርሶ ሲንጠለጠል ግን ዓይኑ ይጠብና እዚያ ጋ ይጨልማል። በርሜል ላይ ስትጥይው የበርሜሉን ሆድ ተከትሎ ይጎብጣል። በቃ! ጉንጩን እንደ በርሜል አየሁት። መስመሮቼን አጋደልኳቸው፣ አጎበጥኳቸው፤ አጥንቱ ላይ አሳሳሁ፣ ከአገጩ ስር ሦስቴ አጠላለፍኩ፣ ምንም ሳልጫን። ሽማግሌው ከወረቀቱ ብቅ አለ! ይሄን ክሬሊስ ከየት ያመጣዋል? አሥራ ሁለት ዓመት መረብ ያስያዘው አባት የለውም።

ትናንት እንዳይለዩ ብዬ የህትመቱንም የኔንም ጠርዝ ከርክሜ ወፍራም ወረቀት ላይ ለጠፍኩና ጎን ለጎን አኖርኳቸው። ሁሉም ከበበ። አለቃ መነጽሩን አደረገ።

«ልጁ የቱ የሱ እንደሆነ ለአለቃ ይንገር እንጂ» አለ ክሬሊስ።

«ለኔ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያተምኩ ሰውዬ! የልጁ ይሄኛው ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ህትመቱ ያ ነው። የህትመት ቀለም ዘይት ስላለው በውሃ አይለቅም፣ እዩ!» አለ አለቃ፤ ጣቱን ላሰና የ«ህትመቱን» ጉንጭ አሸት አደረገው።

ለቀቀ! ጣቱ ጥቁር ሆነ!

አለቃ ጣቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ጣቱን አየ። ከዚያ፣ «ክሬሊስ፣ የመስኮቱን ወንበር ልቀቅለት» አለ። እዚያ የሚቀመጠው ለዘለቄታው የተቀጠረ ሰው ነው፤ ብርሃኑ ሁሉ እዚያ ነው። ክሬሊስ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ምን ይደረግ፣ መስኮት ላይ ዓሣ ሊሰጣ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ዛሬ ጠዋት ግን መጥቶ «እስቲ ያን ጉንጭ አሳየኝ» አለኝ። አሳየሁት። ቸር ነኝ እኮ!

ሥዕሉን ልኬልሻለሁ። ጉንጩ ላይ ያለችው ጥቁር አሻራ የአለቃ ባረንት ናት፤ እንዳታጠፊያት፣ ማህተሜ ናት። ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ቀጭን ጠባሳ፣ መንጠቆ የነካት የምትመስለውን፣ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ዋናው ላይ የለችም። አለቃ ራሱ አላያትም። መስኮቱ ስር ስቀይው፤ ሰውዬው ቅንድባቸውን እየዳበሱ ይሄ ማንን ይመስላል ካሉሽ፣ እኔ ምን አውቄ በይ።

ማታ ማታ ሲጠግኑ መብራቱን ቀረብ አድርጊላቸው። ዓይናቸውን እግዜር ይጠብቅላቸው፣ ላንቺም ጉልበት ይስጥሽ።

በሃርለም እጁን የሚያህለው ያልተገኘ ልጅሽ፣
ቴውኒስ፣ የመረብ ሠሪው ልጅ