ሳህኑ የተመለሰው በቦዶኛ ነው በአረብኛ?

ኮክራጃር፣ አሳም
ማርች 3 ቀን 2019

ውድ ልጄ አንሱማ፣

ሌላውን ሁሉ ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር አስታውስ። እኛ ቦዶዎች ወደ ሙሽሪት ቤት የላክነው ዕቃ፣ የሚታኘከው የጎይ ፍሬ፣ ቅጠሉና የብር አምባሩ፣ እዚያው ከቀረ ተፈቅዶልናል ማለት ነው፤ ከተመለሰ ግን እምቢ ተብለናል። ቃል መጨመር አያስፈልግም። እናትህን ያገባሁት በዚሁ ነው። አባቷ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም፤ ዕቃው ቀረ፤ እኔም ሙሽራ ሆንሁ።

አንተና ዙወይና ሙስካት ላይ ስትጋቡ ይህ ሥርዓት ሳይፈጸም ቀረ። ዘግይቶም ቢሆን ይፈጸም ብዬ ነው እዚያው ሙስካት አብሮህ በሚሠራው በሎክራ እጅ ለአማትህ የላክሁት። ጎይው፣ ቅጠሉ፣ የብር አምባሩና እናትህ የሸመነችው የአንገት ልብስ ሁሉም በአያትህ የነሐስ ሳህን ላይ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ሎክራ ለዕረፍት መጣና ሳህኑን በረንዳዬ ላይ አስቀመጠው። እስከ አፉ ድረስ ተምር ሞልቶበታል።

«አደራዎን አድርሻለሁ መምህር» አለኝ። «የዩሱፍ አማት ራሳቸው በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉኝ። እመለሳለሁ ስላቸው ደግሞ ይህን ይዘህ ሂድ አሉኝ።»

«የማን አማት?»

የሚያኝከው ጎይ አነቀው። ሲስል ቆይቶ «የአንሱማ» አለ። ውሃ ሰጠሁት እንጂ ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ የምለው ጠፋኝ። ጎይው፣ ቅጠሉና አምባሩ አልተመለሱም፤ የአንገት ልብሱም አልተመለሰም። ሳህኑ ግን ይኸው ተመልሷል። የመንደሩ ሽማግሌዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ዋናው አምባሩ ነው፤ አምባሩ ከቀረ ልጅቱ የኛ ናት» ይላሉ። ሌሎቹ «ሳህኑም ከዕቃው አንዱ ነው፤ የተመለሰ ነገር ተመልሷል» ይላሉ። ይህ ካልተፈታ ዙወይና ለአዲስ ዓመታችን ለብዊሳጉ በዓል ብትመጣ እንደ እንግዳ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች እንጂ እንደ ምራት ወደ ምድጃው አትገባም። እናትህ ለእሷ ብላ መሸመን የጀመረችውን የዶኮና ቀሚስ ግማሹ ላይ አቁማዋለች። ድሩ እንደተወጠረ ነው፤ ማጉን ግን አልነካ ብላለች።

እኔ ያልገባኝን ነገር ከፊደሉ መጀመር ልማዴ ነው። የሰዎቹ አነጋገር ከገባኝ የሳህናቸውም ነገር ይገባኝ ይሆናል ብዬ ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር ተሻገርሁ። እኛና እነሱ ተጋጭተን ቤቶች ከተቃጠሉበት ዘመን ወዲህ ያንን ወንዝ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። የመስጊዱ አስተማሪ መውላዊ ሳዲቅ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩኝ።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት?»

«አረብኛ ሊያስተምሩኝ ይችላሉ?»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ሳህን ተመልሶብኝ ነው።»

ወንበር አመጡልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአሮጌው ጥቁር ሰሌዳዬ ላይ ቦዶኛን በግራ፣ አረብኛን በቀኝ አድርጌ አስተያያቸዋለሁ። የኛ ቋንቋ እሱንና እሷን በአንድ ቃል ይጠራል፤ የእነሱ ግን ፀሐይን እንኳ ሴት፣ ጨረቃን ወንድ ያደርጋል። እኛ ሰው ስንቆጥር በአንድ መንገድ፣ ከብት ስንቆጥር በሌላ፣ ፍሬ ስንቆጥር ደግሞ በሌላ ነው። እነሱ ይህ የላቸውም፤ ነገር ግን ለሁለት ብቻ የሚሆን የራሱ አነጋገር አላቸው፤ ብዙም አንድም ያልሆነ። ይህን ለእናትህ ስነግራት «እሱስ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ እኛም ሁለት ብቻ ነን» አለችኝ።

የባሰ ግራ ያጋባኝ እምቢታው ነው። አረብኛ «አይደለም»ን ከፊት ያስቀድማል፤ ገና አፉን ሲከፍት ታውቀዋለህ። ቦዶኛ ግን እስከ መጨረሻ አስጠብቆ ነው ከግሱ ጭራ ላይ የሚያመጣው። ታዲያ አማትህ እምቢ ማለት ከፈለጉ ገና ሎክራን ሲያዩ አይሉም ነበር? በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ በመጨረሻ እምቢ ማለት የኛ ሰው ጠባይ ነው። ወይስ ለእኛ ብለው በኛ ቋንቋ መለሱልን?

መውላዊ ሳዲቅን ጠየቅኋቸው።

«በኛ ሰፈር ምግብ የመጣበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው» አሉኝ።

«እሱማ በኛም ነውር ነው፤ ወጥ ከሆነ። ይህ ወጥ አይደለም።»

«ኦማኖች እንዴት እንደሚያደርጉ እንጃ፣ መምህር። እኔ በአረብኛ ከፈጣሪዬ ጋር እንጂ ከአማት ጋር ተነጋግሬ አላውቅም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ግን እዚያው ነን።

ትናንት እናትህ ሰሌዳው ፊት መጥታ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይና ጨረቃን ከጻፍህ ያንን ስም ደግሞ ጻፍልኝ።»

«የትኛውን ስም?»

«ሎክራን ያነቀውን።»

እኔ ደብቄያት፣ እሷ ደብቃኝ ሰንብተናል ለካ። «ዩሱፍ» ብዬ ጻፍሁላት። ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «ጠማማ ነው፤ አስተካክለው» አለችኝ። ሰሌዳውን ስጠርግ ግን ያንን ስም እንዳልነካው እጄን ያዘችኝ።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ፖስታ ላይ ሁለቱንም ጽፌአለሁ። አንሱማ ከግራ ተነሥቷል፣ ዩሱፍ ከቀኝ፤ መሀል ላይ ሊጋጩ ጥቂት ነው የቀራቸው። እጄ ገና የጀማሪ ስለሆነ መውላዊ ሳዲቅ አርመውልኛል።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ቅዱሱ ተክላችን ሲጁ ለምልሟል፤ እናትህ በየማለዳው ሥሩን ትጠርጋለች። አምላካችን ባቶው ይጠብቅህ፤ እዚያ የምትለምነውም አይርሳህ። ዙወይናን ሩዝ በልታ እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ እኛ ሰላምታ የምንሰጠው እንዲህ እንደሆነም ንገራት።

ተምሩን እስካሁን ማንም አልቀመሰውም። እምቢታ ከሆነ አንበላውም፤ እሺታ ከሆነ ለመንደሩ ሁሉ እናድለዋለን። አማትህን ጠይቃቸውና ቁርጡን ንገረኝ። በፈለግኸው ስም ፈርምበት፤ ብቻ እናትህ ማጉን እንድታነሣ ቶሎ ጻፍልን።

አባትህ፣
ታኔሽዋር ናርዛሪ