ስም ብቻ የተቀየረበት ምስክርነት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19/2001፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ቦንጋ። ዝናብ። እንደ ወትሮው ከፍ/ቤቱ አጥር ሥር ነኝ። የታይፕ መኪናዬ ሪባን ደክሟል። እስካሁን ሁለት ማመልከቻ፦ አንድ የድንበር፣ አንድ የፍቺ።

እትዬ አስካለ ከሺሺንዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። የመ/ር አሰፋ እናት ናቸው። ውጭ አገር ያለው የልጃቸው ጠበቃ የላከውን ደብዳቤ ኢንተርኔት ቤት አሳትመው ይዘዋል። ለእኔ ነው የተጻፈው። አነበብኩላቸው። አሰፋ ጥገኝነት ተከልክሏል። ምክንያቱ የእኔ ምስክርነት። ከምርጫው በኋላ መታሰሩን የጻፍኩለት ወረቀት፣ ቀድሞ ከገባ የሌላ ሰው ወረቀት ጋር ጣሪያው ትከሻው ላይ ማንጠባጠቡ ሳይቀር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። የሰው ታሪክ ቀድተሃል ብለውታል።

እሳቸው የዚያን የሌላውን ሰው ማንነት ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። አውቃለሁ፣ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ 20

ላንተ እንኳ ልናገር። አሰፋ ሃያ ሁለት ቀን እህል መጋዘን ውስጥ ታስሮ ስንቅ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የጻፍኩለት ሁሉ እውነት ነው። በኋላ የእህቴ ልጅ ሙሉጌታ ሊሰደድ ተነሳ። እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ሙሉጌታ አንድ ቀን ታስሮ አያውቅም፤ በዚያ ሰሞን ደካ ከተማ ወርዶ ቡና እየገዛ ነበር። የአሰፋን የካርቦን ቅጂ ከፋይሌ አወጣሁ፣ ስም ብቻ ቀየርኩ። ለድንበርም ለፍቺም የማደርገው ነው። እዚህ የተቆጣኝ ዳኛ የለም።

አሰፋ ሱዳን ሲንከራተት ዘገየ። ሙሉጌታ እዚያው አገር ቀድሞ ደረሰ፣ ተቀበሉት። ባለታሪኩ ኋላ ደረሰና ሌባ ተባለ። አፈርኩ። ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ 21፣ ከሰዓት

የጠበቃውን ደብዳቤ ደግሜ አየሁ። ጉዳዩ አሁን እዚያው አገር ፍ/ቤት ነው። ፍ/ቤቱ ታስሯል አልታሰረም አይልም፤ የከለከለው መ/ቤት በአግባቡ መወሰኑን ብቻ ይመረምራል። አሰፋን ስለ ሁለተኛው ወረቀት ሳይጠይቁ ነው የወሰኑበት። ጠይቀውት ቢሆን መልሱ ምን ይሆን ነበር? ያንን ነው ከእኔ የሚፈልጉት። በሳምንት ውስጥ።

መላ አገኘሁ! የማመልከቻ ጸሐፊ ልማድ ነው እላለሁ፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው። ሙሉጌታን ሳልነካ አሰፋን አተርፋለሁ። ደስ ብሎኝ በታይፕ መታሁት።

ቅዳሜ፣ 22

እትዬ አስካለ መጡ። ሳላነብ ወረቀት አልሰጥም፤ ደንቤ ነው። አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ወልዴ ልጄ፣ ጣሪያው ትከሻው ላይ የሚያንጠባጥበውስ? እሱም ልማድ ነው?»

ክፋት የለባቸውም፤ እውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። አሰፋ በስልክ ትከሻዬን ይቆረጥመኛል ይላቸዋል። ያቺን ጠብታ ያየኋት እኔ ነኝ። ለሙሉጌታ የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ሰኞ ይምጡ አልኩ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሰኞ፣ 24፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእህቴ ነገርኳት። ልጄን ልታስባርርብኝ ነው ብላ አለቀሰች። ምናልባት። አይሆንም ብዬ አላጽናናኋትም። ዛሬ ጠዋት ስታየኝ መንገድ ቀየረች።

ታይፗን አልከፈትኩም። በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ያለ ካርቦን። «ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ብዬም አልጀመርኩም። መጀመሪያ የራሴን ስም፣ ቀጥሎ የሙሉጌታን ስም፣ ከዚያ ያደረግሁትን።

እትዬ አስካለ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አሁን ላነብላቸው ነው።