በቦታዬ ስለተቀመጠችው የጀሶ አሮጊት

ለክቡር መሐንዲስ ፋርዚን
የጥንት ቤቶች ክብር አስጠባቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባንዳር ሌንጌ ወደብ፣ ኢራን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የባሕሩ ወበቅ ሳይነካዎት፣ የቢሮዎም ማቀዝቀዣ አንድ ቀን እንኳ ሳያስነጥስ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በባሕር ዳሩ ሰፈር፣ ነፋስ ስቦ ወደ ክፍሎቹ የሚያወርድ ማማ ባለው ቤት ተድሬ የገባሁ፣ ወልጄ ያሳደግሁ፣ ዛሬም ያለሁ ሸሪፋ ነኝ። ኮሚቴዎ ቤታችን የከተማይቱ መታወቂያ ነውና ይጠበቅ ብሎ ሲወስን እልል ብዬ ነበር። ከማን እንደሚጠበቅ ግን አልጠየቅሁም፤ ለካስ ከእኔ ኖሯል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ርግብ እንዳይገባ ብላችሁ በማማው አናት ላይ ያማረ መስታወት ስላስገጠማችሁ አመሰግናለሁ። እውነትም ርግብ አልገባም፤ ነፋስም አልገባም። አያቶቻችን ማማውን በሳንቃ የሚደፍኑት በብርድ ወራት ብቻ ነበር፤ እናንተ ግን ልክ ለሐሩሩ አደረሳችሁልን። ሙቀቱ ሲብስ ከማማው ሥር የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሰቀላችሁልን፤ መብራት ግን ቀትር ላይ ይጠፋል።

፪. ጣሪያ ላይ ዓሣ ማድረቅ ለጎብኚ አፍንጫ አይመችም ተብሎ ተከልክሏል። ቤቱ የተሠራው በዓሣ ገንዘብ መሆኑን ልናገር ብዬ፣ እሱም እንዳይሸታቸው ተውሁት።

፫. ባለፈው ሳምንት ሠራተኞችዎ ለጎብኚ የምትታይ የጀሶ አሮጊት ተሸክመው መጥተው፣ ከማማው ሥር፣ የቤቱ ታላቅ ሰው ብቻ በሚቀመጥባት በእኔ ምንጣፍ ላይ ጎለቷት። ከእኔ እንደምታምር አልክድም፤ አትበላም፣ አታስልም፣ ኮሚቴም አታማም። ነገር ግን ፊቷ ላይ ያሰራችሁላት ጭንብል ከማዶ ያለው ደሴት ሴቶች የሚያስሩት ነው። በእኛ ዘንድ ሴት የየት አገር ሰው እንደሆነች የሚታወቀው በጭንብሏ ነው። ጎረቤቴ ሞውዛ እንግዳ መስላት ገብታ ሰላም አለቻት፤ ማዶ ስለተዳረችው ስለ እኅቷ ልጅ ደኅንነትም ጠየቀቻት። መልስ ስታጣ የደሴት ሰው ድሮም ኩሩ ነው ብላ ተቀይማ ወጣች።

ይህን ሁሉ በሣቅ ባሳለፍሁት ነበር። ነገር ግን አንድ አንደበተ ለስላሳ ባልደረባዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው ኮንዶሚኒየም እንደሚወስደኝ ከነገረኝ በኋላ፣ «እማማ፣ ቤቱ የሚያምረው ባዶውን ሲሆን ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ባሕር ዳር ሰው የሌለበትን ቤት ጨው ይበላዋል፤ ቤቴን ያቆመው በየዓመቱ ኖራውን የሚለስን እጅ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ግን አጥሩን ቀለም ቀብታችሁ ባለቤቷን ነቀነቃችሁ። ከዚህ ቤት ወጥቼ መሞት አልፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ለክብርዎ በታላቅ ትሕትና እጅ የምትነሣ፣
ከምንጣፏ ተነሥታ በገዛ ደጃፏ ጥላ የተጠለለች፣
ሸሪፋ፣ የመርከበኛው የሳልሚን ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሠራተኞችዎ በቤቴ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ከዚህ ቤት ማናቸውንም አሮጌ ነገር ማንቀሳቀስ በሕግ ያስቀጣል ይላል። ሳልሚን ነፍሱን ይማረውና ያንን በር ከቦምቤይ ጭኖ ሲያመጣው እኔ የቤቱ እመቤት ነበርሁ፤ በአሮጌነት እኔ በሩን እቀድማለሁ። ቅዳሜ የሚመጡት የሰው ልጆች በእኔ ምክንያት እንዳይታሰሩ እሰጋለሁ። የግድ አንዲት አሮጊት ትነሣ ከተባለ፣ አዲሷ የጀሶዋ ናት።