ስለደበቅኩሽ ሕመምና በዕጢው ዙሪያ ስላለው ስኳር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጃፍሽ ይድረስ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? አሁንም ደረጃው መሃል ላይ ቆም ብለሽ ትንፋሽሽን እየሰበሰብሽ "አገር እያየሁ ነው" ትያለሽ? እማማ እንቅልፍ ይወስዳታል? ዓይኗስ እንዴት ሆነላት? ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእኛን ቤት ብትጠይቂ ሚስቴና ልጆቼ ደህና ናቸው። "እኔም ደህና ነኝ" ብዬ ልቀጥል ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ስልክ በደወልሽ ቁጥር ሚስቴ "ሥራ ላይ ነው" ስትልሽ ሥራ ላይ አልነበርኩም እትዬ። አጠገቧ ተቀምጬ በእጄ "የለም በያት" እያልኩ ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ ሁሉንም እንደምዘከዝከው ስለማውቅ ነው የሸሸሁት። ወረቀት ፊት አያይም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ታምሜአለሁ። ካንሰር ነው። አትደንግጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የወጣብኝ ደግሞ ጡቴ ላይ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ይህችን ቃል ወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ስንቴ ብድግ ቁጭ እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል የኖረ መካኒክ፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ ለጉልበቱ "ጎሽ" እያለ የሚጠራው ወንድምሽ፣ የጡት ካንሰር!

መጀመሪያ ከጡቴ ጫፍ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነበረች። ሥራ ላይ ብረት ሲመታኝ የቀረች እብጠት ናት ብዬ ተውኳት። ቆይታ አደገችና የጡቴን ጫፍ ወደ ውስጥ መጎተት ጀመረች። ያኔ ከሥራ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ቧንቧው ሥር መታጠቤን አቆምኩ። ቱታዬን እስከ አንገቴ ቆልፌ ከነጥላሸቴ ወደ ቤት ውልቅ ነው። ቀለም ቀቢው ባልደረባችን "ጎሽ፣ ምነው እንደ ሙሽራ ተሸፋፈንክ?" ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በመጨረሻ ሚስቴ ሸሚዝ ስቀይር አየችኝ። ጫማዋን አደረገችና "ተነሥ" አለችኝ።

ሐኪም ቤት የላኩን የጡት ሕክምና ክፍል ነው። መጠበቂያው ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ሴት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውም ሥዕል ሁሉ ሴት። ተራችን ሲደርስ ነርሷ ወጣችና ሚስቴን "ነይ፣ ግቢ እናቴ" አለቻት። ሚስቴ ወደ እኔ ጠቆመች። ነርሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ የያዘችውን ወረቀት አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ አንዲት ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው "እለፍ ልጄ፣ እዚህ ማንም ማንንም አይታዘብም" አሉኝ። ደግነታቸው ጭራሽ አሳፈረኝ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። ዕጢውን ከነጡቴ አወጡት። ከብብቴ ሥር ካወጧቸው ንፍፊቶች አንዱ ላይም በሽታው ደርሶ ተገኘ። አሁን መድኃኒት ላይ ነኝ፤ አንዳንድ ቀን አቅም አሳጥቶ ያስተኛኛል፣ ሌላውን ቀን ደህና እውላለሁ። ሐኪሙ "ቢዘገዩም አልረፈደም፣ እናክመዋለን" ብሎኛል።

ቁስሌን ለማሳየት ስንመለስ አንዲት ተመራማሪ አነጋገረችን። ከዕጢው ዙሪያ ከተቆረጠው ሥጋ ትንሽ ለጥናት እንድፈቅድላት ነው። "የምናጠናው በዕጢው ዙሪያ ያሉትን የስኳር ሞለኪውሎች ነው" ከማለቷ ሚስቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ብዬው ነበር! ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ማንኪያ ነው የሚጨምረው! ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል እኮ!" ብላ አጋለጠችኝ። እኔም እንደ ተያዘ ሌባ አቀረቀርኩ። ለካ በገዛ እጄ ነው የጠራሁት ብዬ ፊቴ ጋለ።

ተመራማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "የሻዩ ስኳር አይደለም" አለች። ሰውነታችን ውስጥ በሴልና በሴል መካከል ሙልጭልጭ ያለ ነገር አለ፤ ሰውነት ራሱ የስኳር ሞለኪውሎችን እንደ ሰንሰለት ቀጣጥሎ ይሠራዋል። ጤነኛ ሰውም አለው፤ ቆዳ የሚለሰልሰው፣ መገጣጠሚያ የሚላወሰው በእሱ ጭምር ነው። አንዳንድ ዕጢ ዙሪያ ግን ከልክ በላይ ይከማቻል፣ ሰንሰለቱም እየተቆራረጠ ያጥራል። እንዲህ በሆነባቸው ሰዎች ላይ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ ሲሰራጭ በዛ ብሎ ይታያል አለችን። የካንሰሩ ሴሎች በዚያ ውስጥ መንገድ አግኝተው ይሆን፣ ወይስ ቁርጥራጮቹ ተንቀሳቀሱ የሚል ምልክት እየሰጧቸው፣ ገና እየተጣራ ነው። "የእኔም ብብቴ የደረሰው በዚህ ነው?" ብላት፣ "የእርስዎን ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ብናውቅማ መቼ እናስቸግርዎ ነበር" አለችኝ። ቀጥላም "የወንድ እምብዛም አናገኝም፤ በሽታውም ወንድ ላይ ጥቂት ነው፣ የታመሙትም ይሸሹናል" አለች።

እኔም ሸሸኋት። ሥጋዬ ስሜ ተለጥፎበት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ወጣት ሐኪሞች ሲሳሳቁበት ታየኝ። ስም እንደማይጻፍበት ብትምልልኝም እንቢ ብዬ ወጣሁ።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። በዚያው ቀን ሐኪሙ የደም ምርመራዬን ውጤት አይቶ "ይህ በዘር የሚመጣ ዓይነት ነው። እህት አለዎት?" አለኝ። "የለኝም" አልኩት። እትዬ፣ አንቺን የለችም አልኩ። አለችኝ ብል ንገራት ሊለኝ ነው። ከነገርኩሽ ደግሞ በየሄድሽበት "ወንድሜ እኮ" እያልሽ የምታወሪለት ሰው ዓይንሽ ፊት ሊያንስ ነው። ይህን ፈርቼ ካድኩሽ።

ሚስቴ እዚያ አላዋረደችኝም። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ እያየች "ልጅ ሆነህ ትኩሳት ሲጥልህ አዝላህ ሐኪም ቤት የሮጠችው ማን ነበረች? ጎረቤት ናት?" አለችኝ። ሰው እያየኝ እንባዬ ወረደ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩና ሐኪሙን "እህት አለችኝ። ሴት ልጆችም አሏት" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳበልኝ። "እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም" አለ። የነገረኝን በደንብ ያዢልኝ። እኔ ላይ የተገኘው የዘር እንከን አንቺም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ካለብሽ ለጡትም፣ ሴት የእንቁላል ፍሬ ለምታወጣበት ቦታም ካንሰር ያሰጋል። ግን በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ከታወቀ ደግሞ እየተከታተሉ ቀድሞ መድረስ ይቻላል። አንቺ ላይ ከተገኘ ትልቋ ልጅሽም ትመርመር፤ ትንሿ ስታድግ።

ስወጣ ተመራማሪዋን ፈልጌ "ውሰጂው" አልኳት። ፊቷ በራ። እኔ ግን እጇን ስጨብጥ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አሁንም አፍራለሁ፣ አልዋሽሽም። ደረቴ ላይ ያለውን ጠባሳ እየለመድኩት ነው፤ "የለኝም" ያልኩበት አፌ ነው የከበደኝ። ይቅር በዪኝ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሄደሽ ተመርመሪ። ለእማማ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ብቻ "ከእኔ ነው የወረሰው" ብላ ራሷን እንዳትበላ። ማንም መርጦ የሰጠኝ ነገር አይደለም።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን "ሳልህን አስታመህ ጠብቀኝ" በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሚስቴ በስልክ ስለዋሸችሽ እንዳትቀየሚያት እጅ ነስታ ትለምንሻለች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቼም ይናፍቁሻል።

ሐኪም ቤት ስትሄጂ ከቤተሰብ ማን እንደታመመ ይጠይቁሻል። "ወንድሜ" በያቸው። የተሳሳትሽ መስሏቸው "እህትሽ ማለትሽ ነው?" ሊሉሽ ይችላሉ። "አይደለም፣ ወንድሜ ነው" በዪ። ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምሽ
ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር ዘጠኝ ቀን