የአባትሽ ሳህን

ለልጄ ለሮዌና፣

የሃሮዋ እመቤታችን እጇን ከአንቺ ላይ አታንሳ። ከተማችን ኢሎኢሎ ዝናብ በዝናብ ሆናለች፤ የወጥ ቤቱ ጣራ ያፈሳል፣ አጎትሽ ኔስቶርም "ነገ እጠግነዋለሁ" እንዳለ ነው።

በዚያች ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ወደምትሠሪበት ሆስፒታል በእግርሽ ስትሄጂ፣ ሰዉ መኪናውን እያቆመ "መኪናሽ ተበላሸ እንዴ?" እንደሚልሽ የነገርሽኝ መጀመሪያ አሳቀኝ፣ በኋላ አስለቀሰኝ። የምትነዳው ሴት ከሆነች ተሳፈሪ፤ ኩራት ከፀሐይ አያስጥልም። ምሳሽንም ብቻሽን አትብዪ። የደረቀ ዓሣ ግን ሥራ ቦታ አታሙቂ፤ ይሸሹሻል።

የሄድሽ ቀን መኪናው መጥቶ ከምሳ መሀል ስትነሺ፣ እንደ ወጋችን መንገድሽ እንዲቀና ሁላችንም ሳህናችንን አዞርን። አባትሽ ብቻ አኩርፎ አላዞረም። ይኸው አምስት ወር ሙሉ፣ በደወልሽ ቁጥር ወደ ጓሮ ይወጣል።

አሁን ግን በየምሳው፣ ሩዙን አጋምሶ ሳህኑን ያዞራል። ትናንት "ምነው አንተ፣ ከገበታ ማን ተነሳ ብለህ ነው?" አልኩት።

"ልጅቷ ገና አልደረሰችም" አለኝ።

ደግ ጎረቤት ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ጓሮ ድረስ እወስድለታለሁ። አደራ ልጄ፣ መድረስሽን አንቺው ንገሪው።

እናትሽ